ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤትና አመራሩ፦ የሁለት ዓመት ትዝብት

ልጄን ሀዋሳ ውስጥ በሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት ካስገባኋት ሁለት ዓመት ሞላ። ስለ ሕንፃው፣ ስለ ቤተ መጻሕፍቱና ስለ ክፍያው ብዙ የምለው የለኝም፤ ከሌሎቹ የከተማው ትምህርት ቤቶች እምብዛም አይለይም። የሚለየው በርዕሰ መምህርቷ አመራር ነው።

ባለፈው ዓመት አያቷ ታመው ሪፈራል ሆስፒታል በተኙበት ወር ልጄ በየጠዋቱ ማርፈድ ጀመረች። ቀድሞ የተማረችበት ትምህርት ቤት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ በሩን ይዘጋ፣ ያረፈደውንም ፀሐይ ላይ ያንበረክክ ስለነበር፣ ተጠርቼ ስሄድ የጠበቅሁት ወቀሳ ነበር። ርዕሰ መምህርቷ ግን ወንበር ስበው አስቀመጡኝና «ቤት ምን ገጥሟችሁ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ነገሩን ከሰሙ በኋላ ያመለጣትን የሒሳብ ትምህርት በምሳ ሰዓት እንድታካክስ አደረጉ፤ ማርፈዷ ግን መዝገብ ላይ መስፈሩ አልቀረም። ይህን አካሄድ እጅግ ወደድሁት። የሥነ ልቦና ባለሙያውና ጸሐፊው ዳንኤል ጎልማን እ.ኤ.አ. በ2000 ስድስት የአመራር ስልቶችን ለይቶ ሲያቀርብ፣ መቀራረብን ብቻ መሠረት ያደረገ አመራር የሥራ ጉድለትን ሳያርም ሊያልፍ እንደሚችል አሳስቦ ነበር፤ እኚህ ሴት የልጅን ችግር መረዳት ጥፋቱን እንዳላዩ ማለፍ አለመሆኑን በሚገባ ያውቃሉ።

ቅሬታዬ ይህ አሳቢነት መምህራን ዘንድ አለመድረሱ ነው። የልጄ ክፍል ኃላፊ የነበረችው መምህርት ወልዳ ስትመለስ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የሚፈቅደው 90 ቀን በመሆኑ፣ ሕፃኗ ገና የሦስት ወር ነበረች። የጠዋቱ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ እንዲቀየርላት ብትጠይቅም «ፕሮግራሙ አንዴ ወጥቷል» ተባለች፤ ቅዳሜም ለማካካሻ ትምህርት ትጠራ ነበር። እርሷን «ቤትሽ እንዴት ነው?» ብሎ የጠየቃት አልነበረም። ሁለተኛው ሴሚስተር ሳያልቅ ለቀቀች፤ ልጄን ንባብ ያስወደደቻት እርሷ በመሆኗ ሐዘኑ እስከ ቤታችን ዘልቋል። የልጅን የጠዋት ችግር ለመረዳት የቻለ አመራር የእናትን ጠዋት እንዴት ሊስተው እንደቻለ ዛሬም አይገባኝም።

ልጁን ለማስመዝገብ ለሚያስብ ወላጅ ትምህርት ቤቱን እመክራለሁ፤ ሲመዘገብ ግን በዓመቱ ስንት መምህራን እንደለቀቁ ይጠይቅ። ይህንኑ በወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ለርዕሰ መምህርቷ ነግሬያቸዋለሁ። በጥሞና አዳምጠው ማስታወሻ ይዘዋል፤ የመጪውን ዓመት የክፍለ ጊዜ ድልድል እየጠበቅሁ ነው።