የዘይት ግፊት ለጠፋበት መኪናችን ለደረሰልን የኮምቦልቻ መካኒክ የቀረበ ምስጋና

በኮምቦልቻ ከተማ፣ ወደ ባቲ በሚወስደው መውጫ አካባቢ በአንዲት አነስተኛ ጋራዥ ለሚሠራ መካኒክ በእናቴ፣ በወንድሜና በራሴ ስም ከልብ የመነጨ ምስጋና አቀርባለሁ። ስሙ በአደባባይ እንዳይጻፍ ስለለመነኝ አልጠቅሰውም፤ የሠራልንን ሥራ ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

ኤፍኤስአር የጭነት መኪናችን አባታችን ትቶልን ያለፈው፣ ሊብሬው በእናታችን ስም የተዛወረ፣ ታናሽ ወንድሜ የሚያሽከረክረው የቤታችን ብቸኛ መተዳደሪያ ነው። ወንድሜ ከአፍዴራ ጨው ጭኖ ከሚሌ ቆላ ወደ ባቲ ሲወጣ ቀዩ የዘይት መብራት በድንገት በራ። ወዲያውኑ ዳር ይዞ ሞተሩን አጠፋ። የዘይቱን ልክ ቢያይ ሙሉ ነው፤ ከሥርም የሚፈስ ነገር አልነበረም። ጥቂት አሳርፎ ሲያስነሳው መብራቱ ጠፋ፤ ዳገቱን ሲጀምር ግን ተመልሶ በራ። መኪናው ተጎትቶ እስኪገባ ድረስ እናታችን እንቅልፍ አልወሰዳትም።

ከዚያ በኋላ በየጋራዡ ያየነውን ሳስታውስ እስካሁን ያንገበግበኛል። አንደኛው ቦታ የዘይት ግፊቱን የሚያነበው ሴንሰር ነው ብለው ቀየሩልን፤ ገንዘቡ ሄደ፣ መብራቱ ግን እንደ ቀድሞው ይበራ ነበር። ሌላው ቦታ ምንም ሳይለኩ ወፍራም ዘይት ሞልተው ሸኙን። ከሁሉ የከፋው ደግሞ መኪናውን በወጉ እንኳን ሳያይ «ብሮንዙ አልቋል፣ ሞተሩ ይውረድ» ብሎ፣ ማለትም በሞተሩ ውስጥ ዘንጉ የሚዞርበት ስስ የብረት ንጣፍ ተበልቷል ብሎ፣ ቀብድ የጠየቀን ነው። ወንድሜ በአክብሮት «በምን አወቅህ?» ብሎ ቢጠይቀው «ሥራዬን ልታስተምረኝ ነው?» ብሎ በሰው ፊት አዋረደው። እናታችን የሠርጓን ወርቅ ከሣጥን አውጥታ ዋጋ ማስገመት የጀመረችው በዚያ ሳምንት ነበር። በድሃ ንብረት ላይ እንዲህ በግምት መፍረድ ግፍ ነው፤ ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

በመጨረሻ አንድ የጨው ሾፌር ወደዚህ ሰው መራን። ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት ተቀምጦ ወንድሜን ጠየቀው፤ መብራቱ የሚበራው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ሲሞቅ፣ ዳገት ላይ ነው ወይስ ሜዳ ላይ፣ ከዚህ በፊትስ ሞተሩን ማን ከፈተው? ይህን የመጨረሻ ጥያቄ ከእርሱ በፊት የጠየቀን ሰው አልነበረም። ከጥቂት ወራት በፊት ዘይት ያንጠባጥብ ስለነበር የሞተሩ የታችኛው የዘይት መያዣ በሌላ ጋራዥ ተፈትቶ እንደገና መታሰሩን ስንነግረው ራሱን ነቀነቀ እንጂ ማንንም አልወቀሰም።

ቀጥሎ ሴንሰሩን ፈትቶ በቦታው የራሱን የግፊት መለኪያ በረጅም ጎማ አሰረና፣ መርፌውን ወንድሜ ራሱ እንዲያይ ሰጠው። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ መርፌው ደህና ቆመ፤ ነዳጅ ሲረገጥ ግን ከፍ በማለት ፈንታ ቁልቁል ወረደ። እኔ የሞተር ነገር ብዙም አይገባኝም፤ እርሱ ግን ለሕፃን እንደሚያስረዳ አድርጎ እንዲህ አለን፦ «ብሮንዝ ያለቀበት ሞተር ዘይቱ ሲሞቅ ሚኒሞ ላይ ነው ግፊት የሚያጣው፤ ሲረገጥ ይሻለዋል። የእናንተ የሚብስበት ሲረገጥ ነው። ፓምፑ የሚስበው ዘይት አጥቷል።»

የዘይት መያዣው ሲወርድ እንዳለው ሆነ። ፓምፑ ዘይት የሚስብበት ወንፊት በሲሊኮን ቁርጥራጮች ተሸፍኖ ነበር፤ ያ የቀድሞው ጥገና ሲታሸግ ያለ ልክ የተቀባው ማሸጊያ ወደ ውስጥ ተርፎ፣ ተቀርፎ ወድቆ ኖሯል። ሞተሩ ሲያርፍ ቁርጥራጮቹ ከወንፊቱ ይላቀቃሉ፣ ሲሠራ ተመልሰው ይጣበቃሉ፤ መብራቱ ሲጠፋና ሲበራ የነበረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለት ብሮንዞችንም ፈትቶ ጤነኛ መሆናቸውን በዓይናችን አሳየን። «ወንድምሽ መብራቱን እንዳየ ባያጠፋው ኖሮ እነዚህ አይተርፉም ነበር» ሲለኝ የወንድሜ ፊት እንዴት እንደበራ አልረሳውም።

የማልረሳው ግን ከዚህም በላይ ነው። እጁ ገና በዘይት እንደተነከረ ስልክ እንድደውልለት ጠይቆኝ ከእናቴ ጋር ተነጋገረ። «እማማ፣ አብሽሩ፤ ሞተሩ ደህና ነው፤ ወርቅዎን እንዳይሸጡ» አላት። እናቴ በስልኩ ውስጥ ስታለቅስ ሁላችንም ሰማናት። ስለ ሒሳብ አንዲት ቃል ሳይናገር አስቀድሞ ያሰበው የአንዲትን እናት ጭንቀት ነበር።

ወንፊቱንና ፓምፑን አጥቦ፣ ፊልትሮና ዘይት ቀይሮ፣ የአስር ሶላቱን ሰግዶ ሲመለስ መለኪያውን ሳይፈታ ከወንድሜ ጎን ተቀምጦ የደሴን ዳገት አብሮት ወጣ። መርፌው ደሴ እስኪደርሱ ድረስ ከቦታው አልተነቃነቀም። የተቀበለን የእጁን ዋጋ ብቻ ነው፤ የዕቃውን ደረሰኝ ለወንድሜ ሰጠው።

በባቲና በሚሌ መስመር የምትሠሩ ሾፌሮችና ባለንብረቶች፣ አደራ እላችኋለሁ፤ ቀዩ የዘይት መብራት ከበራባችሁ ጋራዥ ድረስ ልድረስ ሳትሉ ሞተሩን አጥፉ፤ ሞተሩ ይውረድ ከተባላችሁም ግፊቱ በመለኪያ ሳይታይ እሺ አትበሉ። ወደዚህ ሰው ሂዱ። በባቲ መውጫ የጨው መኪና የሚያሽከረክሩትን ብትጠይቁ ያሳዩአችኋል፤ ዓርብ ለጁምዓ ሶላት ስለሚዘጋ ከሰዓት በኋላ ብትሄዱ ታገኙታላችሁ። ወንድማችን፣ አላህ ይስጥልን፤ ዕድሜና ጤና ይስጥህ።