ለማኅበራችሁ የአመራር ስልጠና ልትገዙ ነው? ኦንላይንና በአካል፣ ጎን ለጎን

በሚቀጥለው ወር የማኅበራችን ሥራ አስፈፃሚ ይቀየራል። ስድስት አዲስ ሰው ይገባል። ለስልጠና ያስቀመጥናት ብር ትንሽ ናት። እንደ ሁልጊዜው ያው ጥያቄ ተነሳ፦ ሊንክ ልከንላቸው ኦንላይን ይማሩ ወይስ አዳራሽ ይዘን አሰልጣኝ እንጥራ? ባለፉት ሰባት ዓመታት ሁለቱንም ገዝተን አይተናል። ገንዘቡ ያንገበገበን ስልጠና አለ። ሊበተን የደረሰ ማኅበር ያቆመልን ስልጠናም አለ። ያየሁትን ልንገራችሁና እናንተ ከኪሳችሁና ከሰዎቻችሁ ጋር አገናዝቡት።

አቋሜን ቀድሜ ልናገር። አቅማችሁ ለአንዱ ብቻ ከበቃ፣ አንድ ቀን፣ በአካል፣ እዚያው ሰፈራችሁ አድርጉት። ነፃውን የኦንላይን ኮርስ ደግሞ ከዚያ በፊት እንደ ቤት ሥራ ስጡ። ይሄ ለሁሉም ማኅበር አይሆንም። ለማን እንደማይሆን ወደ ታች እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ምን እንደጎደላችሁ እወቁ

"የአመራር ስልጠና" ሲባል ሁለት የተለያየ ነገር ነው የሚሸጥላችሁ። አንዱ እውቀት ነው፦ ቃለ ጉባኤ እንዴት ይያዛል፣ በጀት እንዴት ይነበባል፣ ሕጉና መተዳደሪያ ደንቡ ምን ይላል። ሌላው ልምምድ ነው፦ ሁለት አባላት ሲጣሉ መሃል መግባት፣ የተንዛዛ ስብሰባ መቁረጥ፣ አራት ወር ስልክ የማያነሳን አባል ሳያስቀይሙ ማነጋገር።

ቀይ መስቀል ውስጥ በጎ ፈቃደኛ የነበረ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይገባዋል። ልቡ ለቆመ አዋቂ ሰው ደረቱን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች መጫን እንዳለበት ስልኩ ላይ አንብቦ ይይዘዋል። አምስት ሴንቲ ሜትር ስንት ጉልበት እንደሚጠይቅ ግን የሚያውቀው መለማመጃው አሻንጉሊት ላይ ተንበርክኮ ክንዱ ሲዝል ነው። ስብሰባ መምራትም እንደዚያው ነው። ቁጥሩንና ደንቡን ከስክሪን ታገኙታላችሁ፣ ክንዱን ግን አታገኙትም።

እውቀት ብቻ ከሆነ የጎደላችሁ፣ ለአዳራሽ ብር አታውጡ። ኦንላይን ይበቃል።

ዋጋ

በወረቀት ላይ ኦንላይን ይረክሳል፣ ጥያቄ የለውም። የዓለም አቀፉ የቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ ማኅበራት ፌዴሬሽን የመማሪያ መድረክ፣ እንዲሁም ካያ እና ዲዛስተር ሬዲ የሚባሉት የእርዳታ ሠራተኞች መማሪያ ድረ ገጾች በነፃ ያስተምራሉ፣ ስትጨርሱም ሰርተፍኬት ታገኛላችሁ። ሮታሪና ሮታራክት ውስጥ ያላችሁ ደግሞ በአባልነት አካውንታችሁ የምትገቡበት የራሳችሁ የኮርስ ማዕከል አላችሁ። ስለዚህ "የአመራር መሠረታዊ ነገሮች" የሚል ቪዲዮ በብር ልሽጥላችሁ የሚል ሰው ሲመጣ፣ መጀመሪያ እነዚህን ከፍታችሁ እዩ።

የሚከፈልበት የውጭ ኮርስ ሲሆን ሌላ ጣጣ አለው። ክፍያው በዶላር ነው፣ አብዛኛዎቻችን ኪስ ያለው የብር ካርድ ደግሞ እዚያ አይሰራም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያው ኮርስ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ኮርሴራ የሚባለው የኮርስ ድረ ገጽ ላይ መክፈል ለማይችል ሰው የሚሞላ የድጋፍ ማመልከቻ አለ። መልሱ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል፣ ቀድማችሁ ሙሉ።

በአካል ሲሆን፣ እኛ ጋ ገንዘቡን የሚበላው አሰልጣኙ ሆኖ አያውቅም። አልጋ፣ ምግብ፣ ትራንስፖርትና ውሎ አበል ነው። ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር፣ አዳማ ወይም ሐዋሳ መሄድ ደስ ይላል፣ ሰዉም ከቤትና ከቢሮ ጣጣ ይላቀቃል፣ ይሄ እውነት ነው። ግን ሁለት ቀን ቢሾፍቱ በምታወጡት ብር፣ የወረዳ አዳራሽ ወይም የትምህርት ቤት ክፍል ብታስፈቅዱ፣ ሦስት አራት ቅዳሜ ትሰለጥናላችሁ። ሻይ ቡናውን አባላት ያዋጡ። ውሎ አበል ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው፦ አበል ያለበት ስልጠና ላይ ማን ይሂድ የሚለው በተራ ይሆንና፣ ሥራውን የሚይዘው ሰው ቀርቶ ተራው የደረሰው ይሄዳል። ይሄን ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ሁለት ጊዜም አዝኛለሁ።

በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋማችሁ ከሆነ የአስተዳደር ወጪያችሁ ከጠቅላላ ገቢያችሁ 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ፕሮፎርማ ከመሰብሰባችሁ በፊት የሥራ አስፈፃሚዎች ስልጠና በየትኛው የወጪ መደብ እንደሚገባ ከሂሳብ ሠራተኛችሁ ጋር ተነጋገሩ።

ዙም ላይ የሆነው

በኮቪድ ጊዜ፣ 2012 መጨረሻ ላይ፣ ስልጠናችንን ዙም ላይ አደረግነው። "ይሰማል? ይሰማል?" ሲባባሉ ሩብ ሰዓት አለቀ። ስክሪኑ ላይ ከሰው ስም የስልክ ሞዴል ይበዛል። ካሜራ የከፈተው አሰልጣኙ ብቻ ነው። አንድ ሰው ታክሲ ውስጥ ነው፣ የረዳቱ ጥሪ ይሰማል። መሃል ላይ አሰልጣኙ "ማኅበራችሁ ውስጥ ሳይወራ የቀረ ነገር አለ?" ብሎ ጠየቀ። ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዚያ ገንዘብ ያዣችን ማይኳን ከፈተች። "ለመናገር ከብዶኝ ነው እንጂ፣ ባለፈው ዓመት ያለ ደረሰኝ የወጣ..." ብላ ሳትጨርስ ተቋረጠ።

የዙም ነፃው አካውንት 40 ደቂቃ ነው የሚፈቅደው። 40ው ሞላ። ቴሌግራም ላይ አዲስ ሊንክ ተላከ፣ ከነበርነው ግማሹ ተመለሰ። እሷም ተመለሰች፣ ማይኳን ግን አልከፈተችም። ጉዳዩ እንደገና የተነሳው ከስምንት ወር በኋላ ነው፣ ያውም ጠብ ሆኖ።

ጥፋቱ የዙም ነው እያልኩ አይደለም። እኛ ነን ነፃ አካውንት ይዘን ከባድ ነገር የከፈትነው። ኦንላይን ከመረጣችሁ ወይ የተከፈለበት አካውንት ፈልጉ፣ ወይ ክፍለ ጊዜውን 35 ደቂቃ አድርጋችሁ በእረፍት ከፋፍሉት። ጉግል ሚት በነፃ ለሦስት ሰውና ከዚያ በላይ 60 ደቂቃ ይሰጣል። ሌላም ትንሽ ነገር አለ፦ የውጭ አሰልጣኝ በአዲስ አበባ ሰዓት 15፡00 ብሎ ከጻፈ ለኛ 9 ሰዓት ነው፣ ግብዣውን በኛ ሰዓት ቀይራችሁ ላኩት። እኛ አንዴ ሳንቀይር ልከን ግማሹ ሰው ግራ ገብቶት ቀረ።

ደግሞ መጨረስ የሚባል ነገር አለ። በራስ ጊዜ የሚወሰድ ኮርስ በጎ ፈቃደኛ እጅ ላይ ይሞታል። ሰዉ ቀን ሥራ ውሎ፣ ማታ ልጅ አስተኝቶ፣ መብራት ካለ፣ ፓኬጅ ካልተቆረጠ ነው የሚከፍተው። እኛ በጉጉት ከጀመርነው ግማሻችን እንኳን አልጨረስንም። በኋላ የሠራልን ዘዴ ሁለት ሁለት ሆኖ መማር ነው። አንዱ ሌላውን ይጠይቀዋል። ብዙዎቹ ኮርሶች በእንግሊዝኛ ስለሆኑም ያልገባው ቦታ በአማርኛ ይወራበታል።

አዳራሽ ውስጥ የሆነው

ያኔ ሊቀመንበራችን የነበሩት ስልሳን የተሻገሩ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ማኅበሩን ከምንም ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው፣ ማንም አይደፍራቸውም። አሰልጣኟ "የራሳችሁን ያለፈ ቃለ ጉባኤ ይዛችሁ ኑ" አለችን። ስብሰባውን እንደገና እንድንጫወተው አደረገች፣ ሚና ቀይራ። ጋሼ ተራ አባል ሆኑ። የ24 ዓመቷ ፀሐፊያችን ሊቀመንበር ሆነች። ጋሼ እጃቸውን ሳያወጡ ሦስቴ ተናገሩ፣ ሦስቴም ልጅቷ በአክብሮት አስቆመቻቸው፣ በሦስተኛው ራሳቸው ሳቁ።

ሻይ ሰዓት ላይ ስኒዋን ይዛ ጠጋ አለቻቸው። "ጋሼ፣ እርስዎ መጀመሪያ ሲናገሩ እኮ፣ እኛ ሌላ ሐሳብ ብናመጣ ድፍረት ይመስለናል" አለቻቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ስኒያቸውን አስቀመጡ። "ምነው ልጄ፣ እስከዛሬ ሳትነግሪኝ?" አሉ። ከዚያ በኋላ በነበረው ስብሰባ ሐሳባቸውን የሰጡት መጨረሻ ላይ ነው። እስኪለቁም እንደዚያው ቆዩ።

ያቺን የሻይ ሰዓት ኦንላይን ልገዛት አልችልም። ኦንላይን ላይ ሰው ሲያቋርጥ ድምፁ ይጋጫል እንጂ ማን ማንን እንደሚፈራ አይታይም። አዳራሽ ውስጥ ማን ከማን ጎን እንደተቀመጠ፣ ማን ሲናገር ማን እንዳቀረቀረ ሁሉ ይታያል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በጎ ፈቃደኛን መምራት ከመሥሪያ ቤት አመራር ይለያል። ደሞዝ አትከፍሉትም፣ አታባርሩትም፣ ሲከፋው ምንም ሳይል ይቀራል። ባንክና ፋብሪካ ሲያሰለጥን የኖረ ሰው "አፈፃፀሙ ዝቅ ያለ ሠራተኛ" እያለ ሲያስተምራችሁ ቢውል ወደ ማኅበራችሁ ይዛችሁ የምትመለሱት ነገር ትንሽ ነው። ይሄ ችግር በሁለቱም መንገድ አለ፣ ኦንላይን ላይ ግን "እኛ ጋ እንዲህ አይሆንም" ብሎ የሚያቋርጥ ሰው ስለማይኖር ይብሳል።

ልምድ ያላቸው ድርጅቶች ምን ያደርጋሉ?

ሮታሪን እዩ። የራሱ የኦንላይን ኮርሶች እያሉት፣ ተመራጭ የክለብ ፕሬዝዳንቶች ሰኔ 24 ሥራ ከመረከባቸው በፊት የሚሰለጥኑበት ሴሚናር አለው፣ እሱም በብዙ ቦታ ፊት ለፊት የሚደረግ ነው። ንግግርና አመራር የሚለማመዱበት የክለቦች ማኅበር የሆነው ቶስትማስተርስም ትምህርቱ ድረ ገጽ ላይ ነው፣ ግን ቆሞ ሳይናገር ወደ ፊት የሚያልፍ የለም። አብዛኛው ንግግር ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ መብራት እየተበራ ሰዓት ይያዛል፣ ከዚያ ሌላ አባል ተነስቶ በ2 ወይም 3 ደቂቃ ምን እንዳማረና ምን እንደጎደለ ፊት ለፊት ይነግረዋል። አባልነቱ በስድስት ወር 60 ዶላር ነው፣ አዲስ ገቢ 20 ዶላር ይጨምራል። ለአንድ ማኅበር ሁሉንም ማስመዝገብ ከባድ ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ግን ክለቦች ስላሉ እንደ እንግዳ ገብታችሁ አሠራሩን ማየትና ወደ ራሳችሁ ስብሰባ ማምጣት ትችላላችሁ። እኛ ሰዓት መያዙንና ግምገማውን ወስደናል፣ ስብሰባችን ከሦስት ሰዓት ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወርዷል።

ኦንላይን የሚሻላቸው

ቅርንጫፎቻችሁ ጎንደር፣ ጅማና ድሬዳዋ ከሆኑ ሁሉንም አዲስ አበባ መጥራት የዓመቱን በጀት ይበላል። ኦንላይን ያዙ፣ በተቻለ መጠን ግን በየከተማው ያሉት አባላት አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው በአንድ ላፕቶፕ ይከታተሉ። ቢያንስ እርስ በርስ ይወያያሉ።

አባሎቻችሁ አዲስ አበባ፣ ዱባይና ዋሽንግተን ተበትነው ከሆነም ሌላ ምርጫ የላችሁም። በአሜሪካ የበጋ ወራት ዋሽንግተን በነሱ አቆጣጠር ከጠዋቱ 10፡00 ሲል፣ በኛ አቆጣጠር አዲስ አበባ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ዱባይ ደግሞ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፣ ለሦስቱም የሚመች ሰዓት እሱ ነው።

ገንዘብ ያዥና ኦዲተርም ኦንላይን ቢማሩ አይከፋም፣ ሂሳብ እየደጋገሙ የሚያዩት ነገር ነው። ሕፃን የያዘች እናት፣ ሊፍት የሌለው ፎቅ መውጣት የማይችል ሰው፣ ቅዳሜ የሚሠራ ሰው በአካል በሚደረግ ስልጠና ሁሌ ይቀራሉ። ከዚያ "ስልጠና ያልወሰደ" ተብለው ከምርጫ ይወጣሉ። ይሄ ያናድደኛል። በአካል ስታደርጉ አዳራሹ ምድር ላይ ይሁን፣ ልጅ ይዞ መምጣት ይፈቀድ። በፆም ወቅት የፆም ምሳ ይኑር፣ ረመዳን ከሆነ ከሰዓት በኋላ አታርዝሙት። ቀኑን ስትመርጡም የጥርን የሰርግ ቅዳሜዎች ተዉ።

ሰርተፍኬቱ ላይ ብዙ አልቆይም። ወጣት አባላት ለሥራ ማመልከቻ ይፈልጉታል፣ ተገቢ ነው፣ ነፃዎቹ ኮርሶች ይሰጡታል።

ከመክፈላችሁ በፊት

አሰልጣኙን ሦስት ነገር ጠይቁት። ራሱ በበጎ ፈቃድ ማኅበር ውስጥ ሠርቶ ያውቃል ወይ? ከስልጠናው ሰዓት ስንቱን እሱ ያወራል፣ ስንቱን እኛ እንለማመዳለን? የኛን ቃለ ጉባኤና የኛን ጠብ ይዘን ብንመጣ ይሠራበታል፣ ወይስ የተዘጋጀ ስላይድ ነው ያለው? ከግማሹ በላይ እሱ የሚያወራ ከሆነ ያንኑ ቪዲዮ ላይ በነፃ ታገኙታላችሁ። ሰው ደግሞ ከ20 አይብለጥ፣ ሊቀመንበሩን ብቻ አትላኩ፣ ሥራ አስፈፃሚው አብሮ ይሂድ።

ክፍያውን ለሁለት ክፈሉት። ግማሹን በስልጠናው ቀን ስጡ። ቀሪውን ከሦስት ወር በኋላ፣ አሰልጣኙ ተመልሶ መጥቶ አንድ መደበኛ ስብሰባችሁን ከጥግ ቁጭ ብሎ ካየና ያየውን ከነገራችሁ በኋላ ስጡት። እኛ ዘንድሮ ውሉን እንደዚህ ነው የጻፍነው። ከጠየቅናቸው ሦስት አሰልጣኞች አንዷ ተስማምታለች፣ እሷን ይዘናል።