ከጅማ ተነሥቶ ለጀልባ ጉዞ፦ ሐዋሳ፣ ጣና ወይስ ላሙ?

ከየወደቡ ጎራ እያለ፣ ዓሣና መጠጥ እየቀመሰ ተዝናንቶ በጀልባ ለመጓዝ የሚፈልግ የጅማ ነዋሪ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ጀልባው የት የት እንደሚቆም፣ በየመቆሚያው ምን ያህል ጊዜ እንደሚሰጥና ይህንን የሚወስነው ማን እንደሆነ መጠየቅ አለበት። የጉዞ ዋጋ ከጀልባው ምቾት ይልቅ በዚህ ይለካል ብዬ አምናለሁ።

ሐዋሳ ቀላሉ ምርጫ ነው። ከፍቅር ሐይቅ የሚነሣው የሞተር ጀልባ ጉማሬ አሳይቶ ይመልሳል፤ አሞራ ገደል ላይ የዓሣ ሾርባና ጥብስ፣ ከዚያም ሐይቁ ዳር ቀዝቃዛ ቢራ ይገኛል። ነገር ግን ጉዞው ከጥቂት ሰዓት አያልፍም፤ ከወደብ ወደ ወደብ መዘዋወርም የለውም።

ጣና ግን በመቆሚያ የበለጸገ ነው። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ተጉዞ ዘጌ ሲደረስ፣ ከመውረጃው እስከ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው የእግር መንገድ በቡና ጫካ ውስጥ ያልፋል፤ በዘጌ ማረስና ከብት ማርባት በገዳሙ ሥርዓት ለዘመናት የተከለከለ በመሆኑ ቡናው ዛሬም በአገር በቀል ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ለእኛ ለጅማ ሰዎች ይህ ብቻውን ሊታይ የሚገባው ነው። ራቅ ብሎ ደቅ ደሴት ላይ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ አለች። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች አይገቡባቸውም፤ ስለዚህ ቤተሰብ ይዞ የሚሄድ ሰው እነዚህ በጉዞው ዝርዝር ውስጥ መኖራቸውን አስቀድሞ ይይ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣና ማዕበል ስለሚበረታ በጠዋት መነሣት ይበጃል፤ የቢልሃርዚያ ስጋት ስላለም መዋኘት አይመከርም።

እውነተኛ የሸራ ጉዞ ለሚፈልግ ግን ምርጫው በኬንያ ባሕር ዳርቻ፣ ደሴት ላይ የሚገኘው ላሙ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ይህች ጥንታዊ የስዋሂሊ ከተማ መንገዶቿ ጠባብ ናቸው፤ ጭነት የሚመላለሰውም በአህያ ነው። ዳው የሚባለው የእንጨት ጀልባ ሦስት ማዕዘን ሸራ ይዘረጋል፤ ነፋሱ ሲበረታ መርከበኞቹ ከጀልባው ጎን ወደ ውጭ በተዘረጋ ሳንቃ ላይ ወጥተው በክብደታቸው ሚዛኑን ይጠብቃሉ። በጎረቤቱ ማንዳ ደሴት ወደሚገኘው የታክዋ ጥንታዊ ከተማ ፍርስራሽ የሚያስገባው የማንግሮቭ (በጨዋማ ውሃ ዳር የሚበቅል ዛፍ) ወሽመጥ የሚታለፈው ባሕሩ ሲሞላ ብቻ በመሆኑ፣ የመነሻ ሰዓትን የሚወስነው የባሕሩ መሙላትና መጉደል እንጂ ተጓዡ አይደለም። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ከባድ ዝናብ ስለሚጥል ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ የተሻለ ነው። ላሙ የሙስሊም ከተማ ስለሆነች መጠጥ የሚሸጥባቸው ቤቶች ጥቂት ናቸው፤ በየወደቡ ቢራ እጠጣለሁ ብሎ የሚሄድ ሰው ያዝናል፤ ለዓሣና ለኮኮናት ወጥ የሚሄድ ግን ይረካል።

የወጪው ልዩነት ሰፊ ነው። ለላሙ ፓስፖርት፣ እስከ ናይሮቢ የሚወስድ በረራና ከዚያም እስከ ማንዳ አየር ማረፊያ ሌላ በረራ ያስፈልጋል፤ በዋናው ምድር ያለው መንገድ የጸጥታ ችግር ስለታየበት በመኪና እንዲሄዱ አልመክርም። ለጣናም ቢሆን የአካባቢውን ወቅታዊ ሁኔታ ሳያጣሩ ቀብድ መክፈል አይገባም።

የእኔ ምክር ይህ ነው፦ ሽማግሌና ሕፃናት ያሉበት ቤተሰብ ሁኔታው ሲፈቅድ ጣናን ይምረጥ፤ ዋና የሚችሉና ባሕር ያላዩ ጓደኛሞች ገንዘብ አጠራቅመው ላሙን ይሞክሩ። በሁለቱም ቦታ ቢሆን በሰው ቆጠራ ከመሳፈር ሙሉውን ጀልባ በኮንትራት መያዝ ይሻላል፤ ምክንያቱም ዘጌ ላይ ቡና ተቆልቶ እስኪፈላ መጠበቅ የሚቻለው ካፒቴኑ ሌላ ተሳፋሪ ከሌለበት ነው። የላይፍ ጃኬቱ ቁጥር ከተሳፋሪው ቁጥር ጋር መመጣጠኑን፣ የሕፃን ልክ መኖሩን፣ የገዳማት መግቢያና የአስጎብኚ ክፍያ በዋጋው ውስጥ መካተቱንም በጽሑፍ ያስፍሩ።