«የአንድ ሰዓት ሥራ ነው» ብለው ቮልዩማችንን አጠፉብን፤ እናንተ ተጠንቀቁ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። የዓመታት ሥራችን የተቀመጠበት ቮልዩም (ሰርቨር ላይ እንደ አንድ ዲስክ የሚያገለግል የማከማቻ ክፍል) ትናንት ማታ ዓይኔ እያየ ጠፋ። ያጠፋው ሌባ ወይም ቫይረስ አይደለም፤ ከፍለን የጠራነው ባለሙያ ነው። እነዚህን ሰዎች ታውቋቸዋላችሁ። ሲደወልላቸው «የአንድ ሰዓት ሥራ ነው» ይላሉ፤ ሲመጡ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ ሰርቨሩ ፊት ይቀመጣሉ፤ ሲሄዱ የሥራ ማጠናቀቂያ ቅጽ ያስፈርማሉ።

የፈለግነው ነገር ቀላል ነበር። በሊኑክስ ሰርቨራችን ላይ ዲስኮችን በቡድን አድርጎ ለቮልዩሞች በሚያከፋፍለው በኤልቪኤም የሚተዳደር አንድ ቮልዩም ከነበረበት የዲስክ ቡድን ወጥቶ ወደ ሌላ ቡድን እንዲዛወር ነው። ቮልዩሙ በሁለት ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌላቸው) ዲስኮች ላይ የተዘረጋ ነው። አንድ ጊዜ ቦታ አጥሮት ስላሰፋነው ትንሽ ጭራው ሦስተኛ ዲስክ ላይ ገብቷል፤ በዚያ ዲስክ ላይ ደግሞ ሌላ ቮልዩም አለ። ቡድን የሚከፍለው ቪጂስፕሊት የተባለው ትእዛዝ የሚያዛውረው ሙሉ ዲስክ እንጂ ቁራጭ አይደለም። ስለዚህ ባለሙያው ሲሞክረው ትእዛዙ «አንድ ቮልዩም ለሁለት ቡድን ሊከፈል አይችልም» ብሎ እምቢ አለው። ትእዛዙ ትክክል ነበር። መደረግ የነበረበት ጭራውን ፒቪሙቭ በሚባለው ትእዛዝ እዚያው ቡድን ውስጥ ወዳለ ባዶ ዲስክ ማዛወር፣ ከዚያም ቮልዩሙን አቁሞ ቡድኑን መክፈል ነበር። ፒቪሙቭ መረጃውን በእርግጥ ስለሚገለብጥ ጊዜ ይፈልጋል። ቡድን መክፈል ግን የትኛው ቮልዩም የት እንዳለ የሚናገረውን መዝገብ ብቻ ስለሚቀይር በሰከንዶች ያልቃል።

ሰውየው ሰዓቱን አየና «ሌላ መንገድ አለ» አለኝ። ቮልዩሙን ከቡድኑ ሰረዘው። ደንግጬ «መረጃውስ?» ስለው «አይጨነቁ፣ የተሰረዘው መዝገቡ ነው፤ መረጃው ዲስኩ ላይ አለ» አለ። እስከዚህ ድረስ የተናገረው እውነት ነበር፤ ያታለለኝም ይኸው ነው። ኤልቪኤም የድሮውን መዝገብ ማኅደሩ ውስጥ ስለሚያስቀምጥ፣ በዲስኩ ላይ ሌላ ነገር ካልተጻፈበት ቪጂሲኤፍጂሪስቶር በሚባለው ትእዛዝ ቮልዩሙን መመለስ ይቻላል። እርሱ ግን ሁለቱን ኤስኤስዲዎች ወደ አዲሱ ቡድን አስገባና፣ የጎደለውን ከአዲሱ ቡድን ክፍት ቦታ እየሞላ፣ በዚያው ስምና በዚያው መጠን አዲስ ቮልዩም እንዲፈጠር አዘዘ።

ስክሪኑ ቆመ። የጻፈውን አሁንም አልረሳሁትም፤ 1080ኛው ባይት ላይ የኤክስት ፎር ምልክት ተገኝቷል፣ ይጥፋ ወይ ብሎ ጠየቀ። ከሥሩ ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች። ያ ምልክት የእኛ የፋይል ሥርዓት፣ ማለትም ፋይሎቻችን ዲስኩ ላይ የተደራጁበት ዘዴ፣ ምልክት ነው! ፕሮግራሙ እንኳ መረጃችንን አይቶ «ይህ የሰው ንብረት ነው፣ ላጥፋው?» ብሎ ነበር። «ይህ ምን ማለት ነው?» አልኩት። ዞር ብሎ እንኳ ሳያየኝ «የተለመደ ነው» አለና እሺታውን ተጫነ። እጁን መያዝ ነበረብኝ። ከኋላው ቆሜ ዝም ብዬ አየሁ።

ያኔም እንኳ ቢቆም የሚድን ነገር ነበረ። አልቆመም። ወዲያው አዲስ የፋይል ሥርዓት ሠራበት፤ ብሎኮቹ (መረጃ የሚቀመጥባቸው የዲስኩ ክፍሎች) እየተጣሉ መሆናቸውን የሚናገር አንድ መስመር ስክሪኑ ላይ አለፈ። ኤስኤስዲ ላይ ይህ ማለት ዲስኩ ይዘቱን እንዲተው ታዘዘ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የድሮውን መዝገብ መመለስ ባዶ ቦታን መመለስ ነው።

ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዙሮ «ይኸው ተዛውሯል፤ ስሙም መጠኑም ያው ነው» አለኝ። እኔም ስሙንና መጠኑን አይቼ ፈረምኩ። አንድ ማኅደር አልከፈትኩም፤ አንድ ፋይል አላነበብኩም። ይህን ለራሴ ይቅር ማለት አቅቶኛል። ሰውየው ከሄደ በኋላ ስከፍተው የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማንኛውም አዲስ የኤክስት ፎር የፋይል ሥርዓት ሲሠራ አብሮት የሚፈጠረው «የጠፋና የተገኘ» የሚባለው ባዶ ማኅደር። የመጠባበቂያ ቅጂ አለን ብዬ ሮጥኩ፤ ቅጂው ከወራት በፊት ቆሞ ኖሯል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት አንድ ፋይል መልሼ ብሞክር ኖሮ ይህን አውቅ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ደወልኩ። ኃላፊያቸው ታሪኩን እስክጨርስ አልጠበቀም። «መጠባበቂያ መያዝ የደንበኛው ኃላፊነት ነው። ቅጹ ላይ ፈርመዋል፣ አልፈረሙም?» አለኝ። ፈርሜያለሁ አልኩ። «እንግዲያው ሥራው ተጠናቋል» ብሎ ዘጋው። ከጎኑ ሰው ሲስቅ ይሰማኝ ነበር።

ቮልዩም ለማዛወር ሰው ከጠራችሁ፣ የትኛው ቮልዩም በየትኛው ዲስክ ላይ እንዳለ አስቀድሞ በጽሑፍ ያሳያችሁ። ከመጠባበቂያ ቅጂያችሁ አንድ ፋይል በራሳችሁ እጅ መልሳችሁ ክፈቱ። ቮልዩም ማዛወር አዲስ የፋይል ሥርዓት መሥራትን አይጠይቅም፤ «ፎርማት» የሚል ቃል ከሰማችሁ እዚያው አስቁሙት። ቅጹንም ፋይሎቻችሁን ከፍታችሁ ሳታነቡ አትፈርሙ።