«ሞተሩን በነፃ ልጠብልዎት» ሲሏችሁ እሺ እንዳትሉ

አዳማ ያላችሁ ባለመኪኖች፣ ረዘም ብትልም ይህቺን ጽሁፍ አንብቡልኝ። በነፃ የታጠበ ሞተር 16,400 ብር አስወጥቶኛል። ከብሩ በላይ ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው።

እሁድ አመሻሽ ላይ ነው። በማግስቱ እናቴን ለዓይን ሐኪም ቀጠሮዋ አዲስ አበባ ላደርሳት ስለነበር ቶዮታ ቪትዝ መኪናዬ ንጹህ እንድትሆን ፈለግኩ። ሁሌ የማሳጥብበት ላቫጆ ዝግ ስለሆነ ሌላ ቦታ ገባሁ። ልጁ ኮፈኑን አስከፈተኝና «ጋሼ፣ ሞተሩን አቧራ ጨርሶታል እኮ። ሙሉ እጥበት ካደረጉ ሞተሩን በነፃ እጨምርልዎታለሁ» አለኝ። አቧራውስ እውነት ነበር። የነፋስ ማመንጫዎቹ ከተማችን ጥግ የተተከሉት ነፋስ ስላለ ነው፤ የአዳማ ነፋስ ደግሞ አፈሩን ይዞ ነው የሚመጣው።

እሺ አልኩት። ሞተሩን ያጠፋሁት ገና ያኔ ነው፤ ትኩስ ነበር። ልጁ ምንም ነገር አልሸፈነም። መጀመሪያ ናፍጣ በኮምፕሬሰር ነፋበት። ቀጥሎ የኦሞ አረፋ ደፋበት። ከዚያ የግፊት ውሃውን ከአንድ ክንድ ባነሰ ርቀት ለቀቀው። ከጭስ ማውጫው በኩል እንፋሎት «ቸስ» ብሎ ሲነሳ ሆዴ ፈራ። አፌ ግን ዝም አለ። መጨረሻ ላይ እንደገና ናፍጣ ነፋበትና ሁሉም ነገር አብረቀረቀ። ደስ ብሎኝ 50 ብር ጉርሻ ሰጥቼው ወጣሁ።

ሰኞ ንጋት 12 ሰዓት ላይ መኪናዋ ተነሳች። የክፍያ መንገዱን ይዘን ሞጆ ሳንደርስ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ነዳጅ ስረግጥ ትጮሃለች እንጂ ጉልበት የላትም። የቼክ ኢንጂን መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ዳር ይዤ ቆምኩ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ምንም አላለችም። ሦስት ወር የጠበቀችው ቀጠሮ በዚያው አለፈ። ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

ተጎትተን ተመለስን። መካኒኬ አራቱን ኮይሎች፣ ለካንዴላው (ነዳጁን በብልጭታ ለሚለኩሰው) ኤሌክትሪክ የሚልኩትን፣ አንድ በአንድ ነቀለ። የመጀመሪያው ደህና ነው። ሁለተኛውን ሲያወጣ ካንዴላው የሚቀመጥበት ጉድጓድ ውሃ ይዟል። ሦስተኛውም እንደዚያው። በስሪንጅ መጥጦ አወጣልኝ፤ ከሁለቱ ግማሽ ሲኒ የሚሆን ቡናማ ውሃ ወጣ፤ ላዩ ላይ ናፍጣ ተንሳፍፏል። የኮይሉ ጎማ ላይ በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን ጥቁር መስመር አሳየኝ። «ይቺን ታያታለህ? እሳቱ ወደ ካንዴላው መሄዱን ትቶ በዚህ በኩል ነው ያመለጠው» አለኝ። ሁለት ኮይል 9,000፣ አራት ካንዴላ 2,400፣ መጎተቻ 3,500፣ የእጅ ዋጋ 1,500። ደምሩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቪትዝን በመሳሰሉ መኪኖች እያንዳንዱ ካንዴላ የራሱ ኮይል አለው። ኮይሉ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ አስር ሺዎች ቮልት ያሳድገዋል። ይህን ያህል ጉልበት ያለው ኤሌክትሪክ እርጥበት ካገኘ አቋራጭ ይፈልጋል። የኮይሉ ጎማ የዝናብ ፍንጣሪን ይመልሳል፤ ለግፊት ውሃ ግን አልተሠራም። የመኪናችሁን ጎማ የምትነፉት 30 ምናምን ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ነው። የላቫጆ ፓምፕ የሚገፋው ከ1,000 በላይ ነው። አንዴ የገባ ውሃ ደግሞ ያው የኮይሉ ጎማ ከላይ ስለሚከድነው መውጫ የለውም፣ በቀላሉም አይደርቅም። ማታ ሰላም የገባች መኪና ጠዋት መንገድ ላይ የምትቆመው ለዚህ ነው።

ላቫጆው ስመለስ የጠበቀኝ መልስ «መኪናህ ድሮም ችግር ነበረባት» የሚል ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በገዛው አገልግሎት ጉዳት ለደረሰበት ሸማች ካሳ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። መብቱ አለ፤ እኔ ግን ደረሰኝ አልተቀበልኩም። መኪናዋ ስትገባ ደህና እንደነበረች የሚያሳይ ነገርም በእጄ የለም። እናንተ ሞተር ማሳጠብ የግድ ከሆነባችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ። ከመታጠቡ በፊትም ሞተሩ እየሠራ፣ ዳሽቦርዱ እየታየ በስልካችሁ ቅረጹ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ስለ ናፍጣው ልናገር፣ ብዙዎቻችንን የሚሸውደን እሱ ነውና። ያ ማብረቅረቅ ንጽህና አይደለም። ቅባት ነው። በሁለተኛው ቀን የአዳማ አቧራ ይለጠፍበትና ከበፊቱ የባሰ ጭቃ ይሆናል። የቺንጋው (የሞተሩ ቀበቶ) እና የራዲያተር ቱቦዎቹ ጎማ ደግሞ የነዳጅ ዘር አይስማማውም፤ እያበጠና እየለሰለሰ ይሄዳል። ቤንዚን የሚረጩም አይቻለሁ። እባካችሁ፣ ይህን ማንም ኮፈናችሁ ስር እንዳያደርግ። ቤንዚን በአዳማ ሙቀት ቀርቶ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል። ከባትሪ ገመድ ወይም ከሞተሪኖ (ሞተሩን ከሚያስነሳው) የምትወጣ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች።

ያገለገለ መኪና ልትገዙ ከሆነም ይቺኑ ማብረቅረቅ ተጠንቀቁ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አገር ውስጥ ያሉትን አሮጌዎች ነው የምንቀባበለው። ዘይት የሚያፈስ ሞተር ከሽያጩ በፊት ከታጠበና ናፍጣ ከተነፋበት ፍሳሹ ለሁለት ሦስት ቀን አይታይም። ደላላው ኮፈኑን ከፍቶ መስታወት የመሰለ ሞተር ካሳያችሁ አትቸኩሉ። ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ከተነዳ በኋላ ድጋሚ እንየው በሉ። ከስርም ካርቶን አንጥፉና አሳድሩት።

አሁን ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚጸዳ። ከመካኒኬ ጋር ቆሜ የተማርኩት ነው፤ ከዚያም ራሴ ሠርቼ አይቼዋለሁ።

ሞተሩ ያደረ፣ የቀዘቀዘ ይሁን። ጠዋት መኪናውን ከማስነሳታችሁ በፊት ያለው ሰዓት ጥሩ ነው። ትኩስ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያርፍ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ እጃችሁም ይቃጠላል። ውሃ ከማሰባችሁ በፊት በደረቁ ጀምሩ። እኛ አገር ሞተር ላይ ያለው አብዛኛው ቆሻሻ ደረቅ አቧራ ነው። ማስክ አድርጉ፣ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ያዙ፣ ከላይ ወደ ታች ጥረጉ። ከፊት መስታወቱ ስር የተከማቸውን ቅጠል በእጅ ልቀሙት። የእኔ መኪና ሥራ ከግማሽ በላይ እዚሁ ላይ አለቀ።

ቀጥሎ ባትሪው። የኔጌቲቩን ገመድ መጀመሪያ ፍቱ፣ ስትመልሱ መጨረሻ ላይ እሰሩ። ፖዘቲቩን ቀድማችሁ ስትፈቱ ቁልፉ የመኪናውን ብረት ከነካ እሳት ይተፋል። ጫፎቹ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ ቤኪንግ ሶዳ በሞቀ ውሃ በጥብጡና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሹት። ይፈላል፣ አትደንግጡ፤ አሲዱን እየገደለው ነው። ባትሪው ውስጥ ግን ጠብ እንዳይል። አድርቁትና ገመዱን እንደተፈታ ተዉት፤ የሚታሰረው መጨረሻ ላይ ነው።

አሁን ሸፍኑ። ፌስታልና ላስቲክ ይበቃል። ዲናሞውን (ባትሪውን የሚሞላውን)፣ የፊውዝ ሳጥኑን፣ ኮይሎቹን፣ የሚታያችሁን ሶኬት ሁሉ። ዲፕራተሩ (የአየር ማጣሪያው) አየር የሚስብበትን አፍ በተለይ እንዳትረሱ። በዚያ በኩል በዛ ያለ ውሃ ሲሊንደር ውስጥ ከገባና ሞተሩ ከተነሳ፣ ውሃ እንደ አየር ስለማይታመቅ ቢየላ (ፒስተኑን የሚይዘውን ዘንግ) ያጣምማል። ያኔ ወጪው የእኔን 16 ሺህ ያስመሰግናል። የዘይት መክደኛውና መለኪያው ጥብቅ ብለው መዘጋታቸውንም እዩ። ደግሞ ስንት ፌስታል እንዳሰራችሁ ቁጠሩ። በኋላ ስትፈቱ ቁጥሩ መግጠም አለበት፤ የተረሳ ፌስታል ቺንጋ ይጠመጥመዋል ወይም ጭስ ማውጫው ላይ ይቀልጣል።

ማጽጃው ቀላል ነው። ግማሽ ባልዲ ለብ ያለ ውሃ፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጥቂት ጠብታ፣ በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ። ኦሞ ይቅር። የልብስ ሳሙና ዱቄት አሉሚኒየም ያጠቁራል፣ ስንጥቅ ውስጥም ነጭ ሆኖ ይቀራል። የደረቀ ዘይት ያለበት ቦታ ካለ ውሃ ላይ የተመሠረተ ሞተር ማጽጃ ገዝታችሁ ብሩሹ ላይ ርጩ። ሞተሩ ላይ አትርጩት። ከደቂቃዎች በኋላ፣ ሳይደርቅ፣ በእርጥብ ጨርቅ አንሱት። ጓንት አትርሱ። ጎማ ቱቦ፣ ግፊት ውሃ፣ ምንም አያስፈልግም። ሳሙናው ቺንጋውን እንዳይነካው ብቻ ተጠንቀቁ፤ ከነካው በደንብ ጥረጉት፣ አለዚያ ሲነሳ ይጮሃል።

ኮፈኑን ከፍታችሁ ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት አቁሙት። የአዳማ ፀሐይ የቀረውን ትጨርሰዋለች። ፌስታሎቹን ፍቱ፣ ጨርቅ ተረስቶ እንደሆነ እዩ፣ ባትሪውን እሰሩና ከላይ ቫዝሊን ቀቡት፣ አስነሱና አስር ደቂቃ ያህል ቆሞ ይሥራ።

ኤሌክትሪክ ወይም ሃይብሪድ መኪና ያላችሁ ግን ይህን አትከተሉ። ብርቱካንማ ቀለም ያለው ገመድ ካያችሁ ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው። ደረቅ ጨርቅ ለፕላስቲክ ሽፋኑ በቂ ነው፤ ከዚያ ያለፈው የባለሙያ ሥራ ነው።

ይህን ከማንበባችሁ በፊት አሳጥባችሁ መኪናው መንቀጥቀጥ ከጀመረ፣ «ሲሞቅ ይለቃታል» ብላችሁ አትንዱ። የቼክ ኢንጂኑ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ያልተቃጠለ ነዳጅ በጭስ ማውጫው እየወጣ ነው ማለት ነው፤ እዚያ ያለውን ካታሊስት (የጭሱን ማጣሪያ) አቃጥሎ ይጨርሰዋል። አጥፉና ኮይሎቹን አስነቅሉ። ጉድጓዶቹን በአየር አስደርቁ። ማታውኑ አስነቅዬ ባስደርቀው ኖሮ ኮይሎቹ ሊተርፉ ይችሉ እንደነበር መካኒኬ ነግሮኛል።

የእናቴ አዲስ ቀጠሮ የዛሬ ሁለት ወር ነው። ሞተሩን ትናንት በብሩሽና በጨርቅ አጽድቼዋለሁ። ፌስታሎቹ ሰባት ነበሩ፤ ሰባቱንም ፈትቻለሁ።