የበግ ፀጉር ወይስ የገለባ እስር፦ የቤትን ሙቀት ለመጠበቅ የትኛው ይሻላል?

ሁለቱም ሙቀት የሚይዙት በውስጣቸው ባመቁት አየር ነው። ቦታ አያያዛቸው ግን ለየቅል ነው። ተፈልቅቆ የተነጠፈ ፀጉር ኮርኒስ ላይ በቀላሉ ይገባል፤ የገለባ እስር ግን የግድግዳውን ውፍረት ከ35 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ያደርሰዋል። ስለዚህ ተሠርቶ ላለቀ ቤት ፀጉሩን፣ ከመሠረቱ ለሚጀመር ገለባውን እመርጣለሁ።

ትልቁ ጉዳይ እርጥበት ነው። ፀጉር የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ቢመጥ እንኳ ሲነኩት ደረቅ ነው፤ አየሩ ሲደርቅ መልሶ ይለቀዋል። ገለባ እንዲህ አይችልም፤ እርጥበት ከከረመበት ይበሰብሳል። ከመግዛትዎ በፊት እጅዎን እስሩ መሀል ድረስ ያስገቡ። ከሞቀ ወይም ሻጋታ ሻጋታ ከሸተተ፣ እባክዎ ይተዉት! ድርቆሽንም በገለባ ቦታ አይቀበሉ፤ ፍሬና ቅጠሉ አይጥ ይጠራል።

እሳትስ? ጠብቆ የታሰረና በሁለቱም በኩል በጭቃ ወይም በኖራ የተመረገ ገለባ አየር ስለማያገኝ ቶሎ አይቀጣጠልም። የሚያሰጋው በግንባታ ወቅት መሬት ላይ የተበተነው ብጥስጣሽ ነው፤ በየቀኑ ይጠረግ። ፀጉርም በቀላሉ አይነድም፤ የእሱ ጠላት ብል ነው። ብልን በሚከላከለው ቦራክስ በተባለ የማዕድን ጨው መታከሙን ሳይጠይቁ አይግዙ።