ገርፕስ፣ ሚትራስ ወይስ ዋርሃመር? ለመካከለኛው ዘመን ዘመቻ የትኛው ይገዛ

አስማት ብርቅ በሆነበት፣ አንድ የጎራዴ ምት ሰው በሚጥልበት ዓለም ሮልፕሌይ (እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ በዳይስ የሚጫወተው የምናብ ጨዋታ) ለብዙ ቀን በሚቀጥል ታሪክ፣ ማለትም በዘመቻ፣ መጫወት የሚፈልግ ቡድን ከእነዚህ ሦስት ጨዋታዎች የአንዱን የሕግ መጽሐፍ ከመግዛቱ በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ቁስል ስንት ቀን ይቆያል? ስመ ጥሩው ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ 5ኛ እትም የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ክፉኛ የቆሰለ ተዋጊ ስምንት ሰዓት አርፎ ሲነሳ የሕይወት ነጥቡ ሙሉ ነው። ዕረፍቱን ወደ 7 ቀን የሚያራዝም አማራጭ ሕግ ቢኖረውም ጨዋታው ለጀግኖች የተሰፋ ልብስ ነው፤ አጥብበው ቢሰፉትም ያው ነው።

የገርፕስ አጭር ቅጂ፣ ገርፕስ ላይት፣ በነጻ የሚወርድ ባለ 32 ገጽ ፒዲኤፍ ነው፤ ፒያሳ ወርዶ ፊትና ጀርባ ማሳተም 16 ወረቀት ይፈጃል። የሚፈልገው ሦስት ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ብቻ ስለሆነ ቤት ያለው የሉዶ ዳይስ ይበቃል። የሦስቱ ድምር ከችሎታ ቁጥር ካልበለጠ ተሳካ ማለት ነው። ችሎታው 10 የሆነ ሰው ግማሽ በግማሽ፣ 12 የሆነ 74 በመቶ፣ 14 የሆነ 91 በመቶ ይሳካለታል። አዲስ የጨዋታ መሪ (ታሪኩን የሚመራና ሕጉን የሚዳኝ ሰው) የሚሳሳተው ቅጣት ሲጥል ነው፤ «ጨለማ ነውና 4 ቀንስ» ሲል የባለ 12ቱ ዕድል ወደ 26 በመቶ ይወርዳል።

ምቱን ቀረብ ብለን እንየው። ጉልበቱ 11 የሆነ ጎራዴ ያዥ የአንድ ዳይስ ውጤት ላይ 2 ይጨምራል። 4 ቢወጣለት 6 ይሆናል። ተመቺው ወፍራም ጨርቅ ብቻ ከለበሰ 1 ይቀነስና የቀረው 5፣ ጎራዴ የሚቆርጥ መሣሪያ ስለሆነ፣ በአንድ ተኩል ይባዛል፤ ክፍልፋዩ ሲጣል 7። ከ10 የሕይወት ነጥብ 3 ቀረው፤ እርምጃውም ማምለጡም በግማሽ ወረደ። የሰንሰለት ጥሩር ቢለብስ ግን 4 ስለሚቀነስ ጉዳቱ 3 ብቻ ነው። በዱላ ሲመታ ያው ጥሩር የሚከላከለው 2 ብቻ መሆኑ ደስ ይላል፤ ባላገሩ ተጫዋች ዱላውን አይንቅም። ለመዳን በየቀኑ አርፎ፣ ጠግቦ በልቶ ዳይስ ይጥላል፤ ከተሳካ አንድ ነጥብ ይመለስለታል። ሰባቱን ለመመለስ ቢፈጥን ሳምንት ነው።

ሚትራስ ከዚህም ይጠልቃል። ምቱ ያረፈበት ከሰባት የአካል ክፍሎች አንዱ በባለ 20 ገጽ ዳይስ ይለያል፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ነጥብ ስላለው ሰውየው ሳይሞት ክንዱ ብቻ ከጥቅም ውጭ ሊሆን ይችላል። ከባድ ቁስል የሚሽረው በሳምንታት፣ የባሰው በወራት ነው። ችግሩ፣ አንዱ ተፋላሚ በዳይስ ሌላውን በበለጠ ቁጥር ከልዩ ውጤቶች ዝርዝር «ልጣለው? መሣሪያውን ላስፈታው?» እያለ ሲመርጥ ጨዋታው መቆሙ ነው። ከዝርዝሩ አምስት ስድስቱን ብቻ በካርድ ጽፎ ማደል ያፋጥነዋል። ኢምፐራቲቭ የሚባለው አጭሩ ቅጂ ነጻ ስለሆነ እሱን ሳይሞክሩ ሙሉውን መግዛት ችኮላ ነው። ችሎታ በመቶኛ ስለሚለካ የሚያስፈልገውን የመቶ ዳይስ ለመተካት ከ0 እስከ 9 የተጻፈባቸው ቁርጥራጮች በሁለት ሲኒ ይቀመጣሉ፤ ከአንዱ የአሥር ቤቱ፣ ከሌላው የአንድ ቤቱ ይወጣል። የወጣው ቁርጥራጭ ካልተመለሰ ግን ስሌቱ ይበላሻል።

ዋርሃመር 4ኛ እትም 64 ሙያዎች አሉት፤ አይጥ አዳኙም ለማኙም እዚያ ናቸው። አመታቱም ብልህ ነው፤ በመቶው ዳይስ 42 ቢወጣ ተገልብጦ 24 ይነበባል፣ ምቱም ግራ ክንድ ላይ ያርፋል። ነገር ግን ሙያዎቹ ጀርመንን ለሚመስል ምናባዊ ግዛት የተጻፉ ናቸው። ያንን ዓለም እንዳለ የሚቀበል ይግዛው፤ ዘመቻውን ወደ ዐምደ ጽዮን ዘመን (1314–1344) ለማምጣት ላሰበ ግን ግማሹን እንደገና መጻፍ ነው።

ለዚያ ዘመን ገርፕስ ይሻላል፤ ሕጉ ከየትኛውም አገር ጋር አልተሰፋም። የፋሲል ግንብን ግን ማስገባት አይሞከር፤ ጎንደር የተቆረቆረችው በ1636 ነው። የ14ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ መንግሥት እንጨትና እህል ሲያልቅበት የሚነሳ የድንኳን ሰፈር ነበር። ደሞዝ በአሞሌ ጨው ይከፈል፣ የአሞሌውም ክብደት እንደ ሸክም ይቆጠር፤ ዝናብ ሲመታው ደግሞ ከቦርሳ ይቀነስ።